አንድ ጠርሙስ አቼቶ ለባሕር ሁሉ አይበቃም

ስኩባ ጠላቂዎች በሚሳፈሩባቸው ጀልባዎች ላይ አንድ የተለመደ ንግግር አለ። መሪው ስለ አየር መጠን፣ ስለ ጥልቀት፣ ከጓደኛ ጋር ተጠባብቆ ስለ መጓዝ፣ በእጅ ስለሚሰጡ ምልክቶች በዝርዝር ያስረዳል። ጄሊፊሽ ላይ ሲደርስ ግን ነገሩን ያቀልለዋል። «ልብሳችሁ ይከላከልላችኋል። ብትነደፉም አቼቶ ይዘናል፤ ፈሰስ እናደርግበታለን፤ ያልፋል» ይልና ወደ ሌላ ጉዳይ ይሻገራል። ተሳፋሪውም ራሱን ይነቀንቃል። ይህ አነጋገር የአንድ ጀልባ ወይም የአንድ አገር ብቻ አይደለም፤ ጠላቂዎች ከባሕር ወደ ባሕር ይዘውት የሚዞሩት፣ ከአፍ ወደ አፍ የሚቀባበሉት እምነት ሆኗል።

እምነቱ ሁለት ክፍል አለው፤ ሁለቱም አያዋጡም። አንደኛው፣ ጄሊፊሽ የዋናተኛ እንጂ የጠላቂ ጉዳይ አይደለችም የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ንድፊያ ሁሉ አንድ ነውና መድኃኒቱም አንድ ነው ይላል። እኔ የምጠልቀው በእስራኤል የሜዲትራኒያን ዳርቻ ነው። በዚህ ውሃ ሁለተኛው እምነት ሕመም ማስታገሱ ቀርቶ ሊያብስ ይችላል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ጄሊፊሽ አእምሮ የላትም። ጥርስ የላትም፤ እንደ ንብ ያለ አንድ መውጊያም የላትም። በክሮቿ ላይ ግን በዓይን የማይታዩ፣ ቁጥራቸው እጅግ የበዛ ተናዳፊ ህዋሳት ተደርድረዋል። በእያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ መርዝ የያዘ ከረጢት፣ በከረጢቱም ውስጥ የተጠቀለለ ባዶ ክር አለ። የከረጢቱ ግፊት 150 ባር ገደማ ይደርሳል። ጠላቂ ይህን ቁጥር ሲሰማ በጀርባው የሚሸከመውን ሲሊንደር ያስብ፤ ሞልቶ ሲነሣ 200 ባር ነውና። የጄሊፊሽ ዘመድ በሆነችው በሃይድራ ላይ ተደርጎ በ2006 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታተመ ጥናት፣ መውጊያው ተስፈንጥሮ የሚወጣው ከሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ መሆኑን አሳይቷል። እጅ ከማሸሽ፣ ዓይን ከመጨፈን በፊት ነገሩ አልቋል።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ማንም ሳያዝ ነው። ንክኪና በአካባቢው ያለው የኬሚካል ለውጥ ብቻ ይበቃል። ስለዚህ አሸዋ ላይ ሞታ የተዘረጋች ጄሊፊሽ ትናደፋለች፤ ተቆርጦ የሚንሳፈፍ ክር ይናደፋል፤ ልብስ ላይ የደረቀ ክር እንኳ እንደገና ሲረጥብ ሊናደፍ ይችላል። ለእኔ ክርክር ከሁሉም የሚበልጠው ደግሞ ይኸኛው ነው፦ ሰው ከተነደፈ በኋላ ቆዳው ላይ ተጣብቀው ከቀሩት ከረጢቶች ብዙዎቹ ገና አልፈነዱም። የመጀመሪያ ርዳታ ዋና ሥራው እነዚህን ሳያፈነዱ ከቆዳ ላይ ማንሣት ነው። የምናፈስባቸው ፈሳሽ ወይ ያፈዛቸዋል ወይ ያፈነዳቸዋል። የትኛውን እንደሚያደርግ የሚወስነው የነደፈችው እንስሳ ዝርያ ነው።

አቼቶ ስሙን ያገኘው በሐሰት አይደለም፤ ይህን መካድ አልሻም። በሰሜን አውስትራሊያ ካይሮኔክስ ፍሌኬሪ የምትባል ሳጥን መሰል ጄሊፊሽ አለች። እስከ 60 የሚደርሱ፣ እስከ 3 ሜትር የሚዘረጉ ክሮች አሏት፤ ሰፊ ቆዳ ከነካች ሰውን በደቂቃዎች ውስጥ ልትገድል ትችላለች። በዚያ አገር ለረጅም ጊዜ ሲመከር የኖረው አልኮል ማፍሰስ ነበር። በ1980 ሃርትዊክና ባልደረቦቹ በአውስትራሊያ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት አልኮል ከረጢቶቹን እንደሚያፈነዳ፣ አቼቶ ግን እንደሚያመክናቸው አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በኩዊንስላንድ የባሕር ዳርቻዎች የአቼቶ ጠርሙስ የያዙ ምሰሶዎች ተተክለዋል።

ከዚህ ታሪክ ልንማር የሚገባን፣ ሐኪም ያመነበት መድኃኒት እንኳ በእንስሳዋ ላይ ካልተፈተነ ጉዳት ሊያመጣ እንደሚችል ነበር። እኛ ግን ይህን ትተን «አቼቶ ለጄሊፊሽ ጥሩ ነው» የምትለዋን አጭር ዓረፍተ ነገር ያዝን። በአንዲት ዝርያ ላይ የተገኘ ውጤት የዝርያዋን ስም ጥሎ ዓለምን ዞረ።

አሁን ወደ ሃይፋ እንምጣ። በሰኔና በሐምሌ በእስራኤልና በሊባኖስ ዳርቻ በመንጋ የምትመጣው ሮፒሌማ ኖማዲካ ናት። ነጣ ብላ ወደ ሰማያዊ የምታደላ፣ ጃንጥላዋ ከግማሽ ሜትር በላይ ሊሰፋ የሚችል ትልቅ እንስሳ ናት። መንጋው ሲበዛ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ በ2011 በሃዴራ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል፤ የኦሮት ራቢን ኤሌክትሪክ ማመንጫ ከባሕር የሚስበውን የማቀዝቀዣ ውሃ ማጣሪያ ዘግታ፣ ሠራተኞች በቶን የሚመዘን ሥጋዋን እያወጡ ጣሉ። በዚህች ዝርያ ላይ አቼቶ ከረጢቶቹን አያፈዝም፤ ያነሣሣቸዋል። የአገሩ ባለሙያዎች አቼቶ አታፍስሱ፣ በባሕር ውሃ እጠቡ፣ አትሹ፣ የቧንቧ ውሃ አታስነኩ የሚሉት ለዚህ ነው። በስተምዕራብ፣ በስፔን፣ በጣሊያንና በማልታ ዳርቻ የምትበዛው ሐምራዊቷ ፔላጊያ ኖክቲሉካም አቼቶ አይስማማትም፤ ለእሷ የሚመከረው የባሕር ውሃና ቤኪንግ ሶዳ እኩል ተቀላቅሎ ነው።

እንግዲህ ያ ጠርሙስ በሃይፋ ጀልባ ላይ ምን ይሠራል? ካይሮኔክስ በሜዲትራኒያን የለችም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይህን ነው። የከፋው ደግሞ ጠርሙሱ መኖሩ ራሱ ለሰው የሐሰት መተማመን መስጠቱ ነው። መሪው ጠርሙሱን ስላየ ስለ ዛሬው ውሃ አይጠይቅም፤ ተሳፋሪው ጠርሙሱን ስላየ እጁን አይሸፍንም።

ይህ ጉዳይ የእኛንም ቤት ይነካል። በኔታንያ፣ በሃዴራ፣ በአሽዶድና በአሽቀሎን ከኢትዮጵያ የመጡ ወላጆች ያሳደጓቸው ልጆች ዛሬ ባሕሩን ሰፈራቸው አድርገውታል። ወላጆቹ ያደጉበት ደጋ ጄሊፊሽን አያውቅም፤ ለነደፈ ነገር ሁሉ ግን ነጭ ሽንኩርት ማሸት፣ ሎሚ መጭመቅ፣ አረቄ መቀባት የምናውቀው ልማድ ነው። እናት ለልጇ የምታውቀውን ብታደርግ ነቀፋ የለባትም፤ ነቀፋው እያወቅን ያልነገርናት ላይ ነው። ማሸት ከረጢቶቹን ያፈነዳል። አረቄ አልኮል ነው፤ አውስትራሊያውያን ከ1980 በፊት የሠሩትን ስሕተት በሌላ ጠርሙስ መድገም ይሆናል። ሎሚም ከአቼቶ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው፤ ሁለቱም ኮምጣጣ ናቸው። ሽንት የሚባለውን በተመለከተ ብዙ ሰው የሰማው በ1997 ከተላለፈው «ፍሬንድስ» ከተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ ፊልም ነው። የሽንት ይዘት ከሰው ሰው ይለያያል፤ ቀጠን ሲል ደግሞ ጨው እንደሌለው ውሃ ሆኖ ያልፈነዳውን ሊያፈነዳ ይችላል። የተነደፈ ሰው ላይ ክብሩን ነክቶ ሕመሙን የሚጨምር ነገር ማድረግ ምን ዓይነት ርዳታ ነው?

ለአቼቶ የሚሟገቱት ሁሉ ግን አላዋቂዎች አይደሉም፤ ከጠንካራው ሙግታቸው ጋር መግጠም ይገባል። በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የምትመራመረው ኤንጀል ያናጊሃራና ባልደረቦቿ በ2017 ባወጡት ጥናት፣ ሰማያዊ ፊኛ መስላ በምትንሳፈፈው ፊዛሊያ ንድፊያ ላይ አቼቶና 45 ዲግሪ ሙቀት እንደሚረዱ፣ በባሕር ውሃ ማጠብ ግን ንድፊያውን እንደሚያስፋፋ አሳይተዋል። ይህ ለዚያች ዝርያ «አቼቶ አታድርጉ» ይሉ የነበሩ መመሪያዎችን የሚቃወም ነው። ጥናቱን በአክብሮት አነባለሁ። ነገር ግን ማንን እንደሚደግፍ እንመልከት። እነዚህ ሰዎች ስለ ፊዛሊያ መልስ ያገኙት ፊዛሊያን ራሷን ፈትነው ነው። በባሕር ውሃ ማጠብ ለሮፒሌማ ምክር፣ ለፊዛሊያ ግን ጉዳት ሆኖ ሲገኝ፣ ለሁሉም አንድ ደንብ ይበቃል የሚለው ሐሳብ የሚቆምበት መሬት ያጣል። በካይሮኔክስ ላይ እንኳ ነገሩ አልተዘጋም፤ በ2014 የወጣ የአውስትራሊያ ጥናት አቼቶ ቀድመው ከፈነዱት ከረጢቶች ተጨማሪ መርዝ ሊያስወጣ ይችላል ብሎ ክርክር አስነሥቷል፤ የአገሩ የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያ ግን ያልፈነዱትን ማምከኑ ይበልጣል ብሎ አቼቶን አልተወም። በገዛ አገሩ ይህን ያህል የሚመረመር መድኃኒት በእኛ ጀልባ ላይ ያለ ጥያቄ ይፈስሳል።

ሙቅ ውሃም የራሱ ታሪክ አለው። በ2006 በአውስትራሊያ ኒውካስል በፊዛሊያ የተነደፉ ሰዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር፤ ግማሾቹ 45 ዲግሪ በሆነ ውሃ ሲታከሙ ግማሾቹ በረዶ ተደረገላቸው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሕመሙ የቀለለላቸው በሙቅ ውሃ ከታከሙት 87 በመቶ፣ በበረዶ ከታከሙት 33 በመቶ ነበሩ። በረዶ ሲያዝ የኖረ ስንት ባለሙያ ይህን ሲያነብ ልማዱን እንደለወጠ አስባለሁ። መለወጥ ይቻላል ማለት ነው።

አንድ የማከብረው ተቃውሞ አለ። «ሰው ሲነደፍ ይጮኻል፣ ይደነግጣል፤ የዝርያ ስም የሚያስታውስ የለም። ስሕተት ያለበትም ቢሆን አንድ ቀላል ደንብ ከብዙ ትክክለኛ ደንቦች ይሻላል» ይላሉ። ሐሳቡ ከልምድ የመጣ ነው፤ እኔም ቀላል ደንብ እፈልጋለሁ። ነገር ግን ደንቡ የሚቀለው ለዓለም ሁሉ አንድ በመሆኑ ሳይሆን ለአንድ ቦታ አንድ በመሆኑ ነው። ጠላቂ የእንስሳት ተመራማሪ እንዲሆን የሚጠይቅ የለም። በአንድ ዳርቻ በአንድ ወቅት በብዛት የሚገኙት ተናዳፊዎች ብዙ ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ናቸው። የሃይፋው መሪ በጋውን በሙሉ «በባሕር ውሃ፣ ሳታሹ» ማለት ይበቃዋል፤ በአውስትራሊያ የኬርንሱ መሪ «አቼቶ፣ ወዲያውም ሐኪም» ይበል። ሁለቱም ከአንድ ትንፋሽ አያልፉም። ስሕተት የሚመጣው የኬርንሱ ሰው ሃይፋ ሲመጣ ደንቡን በሻንጣው ይዞ ሲመጣ ነው፤ ጠላቂ ደግሞ በተፈጥሮው ተጓዥ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው እምነት ልመለስ፤ ልብስ ይከላከላል ወደሚለው። ይከላከላል፤ የሸፈነውን ያህል። የኩዊንስላንድ ነፍስ አድን ዋናተኞች በአንድ ወቅት የሴቶች ስቶኪንግ ለብሰው ይሠሩ ነበር፤ ስስ ጨርቅ እንኳ በቆዳና በክሩ መካከል ከገባ አብዛኛውን ንድፊያ ያስቀራልና። ጥያቄው የማይሸፈነው ላይ ነው። ከንፈር ዙሪያ፣ ጉንጭ፣ አንገት፣ የእጅ አንጓ፣ ቁርጭምጭሚት። ሮፒሌማ በምትመጣበት ወቅት የእስራኤል ውሃ ከ28 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፤ ጠላቂው በሙቀቱ ምክንያት እጅጌውና እግሩ አጭር የሆነ ልብስ የሚመርጠው፣ ጓንቱን ቤት የሚተወውም ያኔ ነው። ልብሳችን የሚያንሰው መንጋው በሚበዛበት ወር ነው።

ጠላቂ ከዋናተኛ ይልቅ የሚጋለጥባቸውም ጊዜዎች አሉ፤ ይህን ሲናገር የሚሰማ አላጋጠመኝም። ጠላቂ ወደ ላይ ሲመጣ በ5 ሜትር ላይ ለ3 ደቂቃ ያህል ቆሞ ይጠብቃል። ያ ጥልቀት መንጋው ብዙ ጊዜ የሚንሳፈፍበት ነው። ዋናተኛ አይቶ ሊሸሽ ይችላል፤ ጠላቂ ግን ደሙ ውስጥ ያለው ናይትሮጅን እስኪቀንስ ድረስ እዚያው መቆየት አለበት። ብዙዎቻችን የምንቆመው የመልሕቅ ገመድ ይዘን ነው፤ ማዕበል ያመጣውና ከገመዱ ላይ የተጠመጠመው የተበጠሰ ክር በባዶ እጅ ሲያዝ መዳፍ ያቃጥላል። ከታች የሚመጣ ሰው ዓይኑ ወደ ኮምፒዩተሩ ወይም ወደ ጓደኛው ስለሚሆን፣ ከራሱ በላይ ያለው ከለል ያለ ጃንጥላ አይታየውም። ፊቱ ላይ የሚያርፈው ያን ጊዜ ነው።

ንድፊያው ብቻውን ቢሆን ባልከፋ። የጠላቂ ትልቁ አደጋ ከንድፊያው በኋላ ያሉት ጥቂት ሰከንዶች ናቸው። በ20 ሜትር ጥልቀት ላይ ሳንባ የያዘው አየር ወደ ላይ ሲወጣ ሦስት እጥፍ ይሰፋል። ፊቱ የተቃጠለ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፣ ወደ ላይም ይሮጣል፤ ሁለቱ ከተገናኙ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል። በዚህ ላይ መተንፈሻው ከአፉ ሊወድቅ፣ ማስኩ ሊነቀል ይችላል። ስለዚህ «ትንሽ ያቃጥላል፣ ያልፋል» የሚለው አነጋገር ባሕር ዳር ለሚጫወት ልጅ እውነት ሊሆን ይችላል፤ አየር በአፉ ይዞ ከታች ላለ ሰው ግን የተዛነፈ ምክር ነው። አስቀድሞ የተነገረው ሰው ቃጠሎው ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ያወቀ ሰው ደግሞ ትንፋሹን የመልቀቅ ዕድሉ ይሰፋል። አለመንገር አለማስፈራት ይመስላል እንጂ ውጤቱ ፍርሃት ሳይታሰብ እንዲደርስ ማድረግ ነው።

ከዚህም የረቀቀ አደጋ አለ። በ1961 ጃክ ባርንስ የተባለ የኬርንስ ሐኪም፣ በአካባቢው ሰዎችን ያለ ምክንያት የሚጥለውን እንግዳ ሕመም መነሻ ሲፈልግ ጃንጥላዋ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነች ጄሊፊሽ አገኘ። እርግጠኛ ለመሆን ራሱን፣ የ9 ዓመት ልጁንና አንድ ነፍስ አድን ዋናተኛን አስነደፈ፤ ሦስቱም ሆስፒታል ገቡ። ልጅን ወደዚህ ማስገባቱን ልቀበለው አልችልም፤ ያገኘው ነገር ግን እውነት ነበር። እንስሳዋ ዛሬ በስሙ ካሩኪያ ባርኔሲ ትባላለች፤ ሕመሙ ደግሞ ኢሩካንጂ ይባላል። ንድፊያው ሲደርስ እምብዛም አይሰማም። ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ግን ብርቱ የወገብና የጡንቻ ሕመም፣ ማስመለስ፣ የደም ግፊት መናር፣ «ልሞት ነው» የሚል ከባድ ስሜት ይከተላሉ። ጠላቂ በዚያ ሰዓት የት ነው? ከውሃ ወጥቶ ጀልባ ላይ ተቀምጧል። ከጥልቀት የወጣ ሰው ወገቡን ሲያመው ባልደረቦቹ የሚያስቡት የናይትሮጅን አረፋ ሕመም ነው። ሕክምናቸው የተለያየ ነው፤ ሰዓቱ ግን አንድ ነው። በእንዲህ ያለ ባሕር የሚጠልቅ ሰው ስለዚህ አንዲት ኢምንት እንስሳ ካልተነገረው፣ ሐኪሙም ትክክለኛውን ጥያቄ ሳይጠይቅ ሊቀር ይችላል።

ፊትን መሸፈን ያስቃል የሚል ካለ የረጅም ርቀት ዋናተኛዋን ዳያና ናያድን ያስታውስ። ከኩባ ወደ ፍሎሪዳ ለመዋኘት ባደረገቻቸው ሙከራዎች ጄሊፊሾች ክፉኛ ነድፈዋታል። በ2013፣ በ64 ዓመቷ ስትሻገር ሌሊቱን ለጄሊፊሽ ተብሎ የተሠራ ሙሉ ልብስና የፊት ጭንብል አድርጋ ነበር። ለጠላቂ የሚያስፈልገው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው፦ ሙሉ እጅጌና ሙሉ እግር ያለው ስስ ልብስ፣ ኮፍያ፣ ጓንት፣ ሲወጣ ሽቅብ መመልከት፣ ከውሃ ወጥቶም ልብሱን ጓንት ባደረገ እጅ ማውለቅ።

«እኔ በዚህ ባሕር ዕድሜዬን ጠልቄያለሁ፤ ውሃውን አውቀዋለሁ» የሚሉ አንጋፋዎችን አከብራለሁ፤ በዚህ ነገር ግን ልምዳቸው አያድናቸውም። ባሕሩ ራሱ እየተለወጠ ነውና። ሮፒሌማ የሜዲትራኒያን ተወላጅ አይደለችም። የስዊዝ ቦይ በ1869 ተከፍቶ ቀይ ባሕርን ከሜዲትራኒያን ሲያገናኝ በመቶ የሚቆጠሩ ዝርያዎች መንገድ አገኙ። መጀመሪያ በቦዩ መካከል ያሉት መራራ ሐይቆች እጅግ ጨዋማ ስለነበሩ ብዙዎቹን ያግዱ ነበር፤ ጨዉ ግን እየሟሟ ሄደ። ሌላው አጥር የእኛው አባይ እንደነበር ብዙ ተመራማሪዎች ያምናሉ። ወደ ግብጽ ከሚደርሰው የናይል ውሃ 85 በመቶ ገደማው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው፤ በክረምት የሚመጣው ጎርፍ ደልታው ፊት ለፊት ያለውን ባሕር ጨው ያለዝበው ነበር። በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ታላቁ ግድብ ሲሠራ ያ ጎርፍ ወደ ባሕሩ መፍሰሱን ተወ። ሮፒሌማ በ1970ዎቹ መጨረሻ በእስራኤል ዳርቻ ታየች፤ ከ1980ዎቹ ጀምሮ በመንጋ መጣች፤ በ1990 በሳይንስ ተመዘገበች። በ2015 ቦዩ ሰፍቷል፤ የባሕሩም ሙቀት እየጨመረ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው በወጣትነቱ የተማረው ባሕር ዛሬ ያው ባሕር አይደለም። ልምድ ያለው ሰው ከማንም ይልቅ በየዓመቱ መጠየቅ አለበት፤ ጀማሪው ቢያንስ እንደማያውቅ ያውቃልና።

ይህን ሁሉ ስል ጠላቂው ጄሊፊሽን ባየ ቁጥር ይሽሽ ማለቴ አይደለም። ለሁሉም አንድ መድኃኒት የሚለው ስሕተት፣ ለሁሉም አንድ ፍርሃት ከሚለው ጋር የአንድ እናት ልጅ ነው። በፓላው ደሴቶች በአንድ ሐይቅ ውስጥ ሰዎች በወርቃማ ጄሊፊሾች መካከል ይዋኛሉ፤ ንድፊያቸው ለሰው እምብዛም አይሰማም። እዚያ ስኩባ የተከለከለው ሰውን ከጄሊፊሾቹ ለመጠበቅ አይደለም፤ የጠላቂው አረፋ እነሱን ስለሚጎዳ፣ ከ15 ሜትር ገደማ በታች ያለው ውሃም መርዛማ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ስለያዘ ነው። በኤይላትም ጀርባዋን ታች አድርጋ አሸዋ ላይ የምትተኛው ካሲዮፒያ ክፉ ስም የላትም። ዝርያን መለየት ካስፈለገ ለጥንቃቄ ብቻ ሳይሆን ለደስታም ነው። በጋውን በሙሉ ባሕሩ ተዘግቷል ብሎ መቅረት ያን ጠርሙስ ከማመን ያልተሻለ ስንፍና ነው።

የቀረው የገንዘብ ነገር ነው፤ ጀልባ ላይ ጮክ ተብሎ አይነገርም እንጂ ሁሉንም የሚያስተሳስረው እሱ ነው። ስለ ጄሊፊሽ ብዙ የሚናገር የመጥለቂያ ማዕከል ደንበኛ እንዳይሸሸው ይፈራል። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ በጋው አጭር ነው፤ ጀልባው ዕዳ አለበት። ነገር ግን ማዕከሉ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የማዕበሉን ቁመትና ከታች ምን ያህል እንደሚታይ በሰሌዳ ይጽፋል፤ ይህን ሲያደርግ ደንበኛ አልሸሸውም፤ እንዲያውም አመነው። አንድ መስመር ቢጨምር ምን ይጎድልበታል? ዛሬ ምን ዝርያ ታየ፣ በየትኛው ጥልቀት፣ ከነደፈች ምን ይደረጋል፣ ምን አይደረግም። ልጆቻችን በሚውሉበት ዳርቻ ደግሞ ያቺ መስመር በአማርኛም ብትጻፍ ደስ ይለኛል፤ ከውሃው ዳር ፎጣ ይዘው የሚጠብቁት እናቶችና አባቶች ያነቡታልና። የበጎ ፈቃድ ሰዎች በእስራኤል ዳርቻ የጄሊፊሽ መንጋ ያዩበትን ቦታ እየመዘገቡ ለተመራማሪዎች ሲያካፍሉ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ መረጃው አለ። የጎደለው መሪው ጀልባው ከመነሣቱ በፊት እንዲያነበው የሚያስገድድ ልማድ ነው።

ያን ልማድ የሚያመጣው ደንበኛው ነው። ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት «ዛሬ ውሃው ውስጥ ያለችው የትኛዋ ናት?» ብሎ ይጠይቅ። መልሱ «አቼቶ አለን» ከሆነ ጥያቄው አልተመለሰም፤ በእንዲህ ያለ ጀልባ እኔ አልሳፈርም።